ከወገኔ ስለተሻልኩ ነው የማመሰግነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የተወለድኩት ቢቸና አካባቢ ነው። አሁን ታይላንድ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ማታ ማታ የቀኑን ምስጋና በደብተር እጽፍ ነበር፤ ደመወዝ ገባ፣ ሰላም ወጥቼ ሰላም ገባሁ፣ ተማሪዎቼ ይወዱኛል እያልኩ። ስጽፍ ግን የአገሬ ልጆች ትዝ ይሉኛል። እዚያ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔ እዚህ አስተምራለሁ። እናቴ ስልክ ስታነሳ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ትለኛለች፤ አላምናትም። ደብተሩን ከዘጋሁት ቆየሁ። ወገኔ ተቸግሮ እኔ ማመስገኔ ኃጢአት ይሆን? ደግሞም እዚህ «ዋይ ክሩ» የሚባል ቀን አለ። ተማሪዎች ተንበርክከው ለመምህራን አበባ ያቀርባሉ። ከአበባው ጋር ሰርዶ ያስራሉ፤ ዕውቀታቸው እንደ ሰርዶ ቶሎ እንዲስፋፋ ነው ይላሉ። ይህንስ ልቀበል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ማመስገንሽ ኃጢአት አይደለም። ደብተሩን ክፈቺው። ያሳፈረሽ ምስጋናው ሳይሆን አብሮት የገባው ማወዳደር ነው።

ይህን ነገር እዚህ ጎጃም ባስተማርኩበት ሁሉ አገኘዋለሁ። የታመመ ልንጠይቅ ሄደን ከበር ስንወጣ «ተመስገን፣ እኛስ ደህና ነን» እንላለን። በረዶ የጎረቤቱን ማሳ መትቶ የእሱን ሲያልፈው ገበሬው እጁን ዘርግቶ «ተመስገን» ይላል። «የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ» እየተባልን ነው ያደግነው። ማጽናናቱን ያጽናናል። ግን እስኪ አስቢው፤ እንዲህ ያለ ምስጋና ሁልጊዜ ከእኛ በታች የወደቀ ሰው ይፈልጋል። የጎረቤቱ ማሳ ባይመታ ኖሮ ገበሬው በዚያ ቀን ምን ብሎ ሊያመሰግን ነበር?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ ጸሎቱን የጀመረው በምስጋና ነው። እንደ ሌሎች ሰዎች፣ እንደዚህም ቀራጭ «ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» አለ። ይህን ስናነብ ብዙዎቻችን ትዕቢቱን እናያለን። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ምስጋናው ነው። አፉ እግዚአብሔርን እየጠራ ዓይኑ ከኋላ የቆመው ቀራጭ ላይ ነበር። አንቺ ፈሪሳዊ ነሽ ማለቴ አይደለም። እሱ በምስጋናው አላፈረም፤ አንቺ አፍረሻል። ኅሊናሽ ልክ ነው። መድኃኒቱን ነው የሳትሽው። ማወዳደሩን መተው ሲገባሽ ማመስገኑን ተውሽ። አንቺ ዝም ስላልሽ ደግሞ ቢቸና ላይ የሚከፈት ትምህርት ቤት የለም።

በቅዳሴ የምንሰማውን ጸሎተ አኮቴት፣ የምስጋናውን ጸሎት አስታውሺ። «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ»፣ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው ብሎ ይጀምርና ምክንያቱን ይዘረዝራል። ሰውሮናል፣ ረድቶናል፣ ጠብቆናል፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናል ይላል። ከእነ እገሌ ተሽለናል የሚል ቃል የለበትም። በሰላሙም ቀን በጭንቁም ቀን ካህኑ የሚለው ያንኑ ነው። እናትሽ ስልክ አንስታ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትልሽ ይህን እየሰማች የኖረች ሴት ናት። እመኛት፤ ልትሸነግልሽ አይደለም። ከዚያ በኋላ ደግሞ «እህል አለ? መድኃኒትሽስ አላለቀም?» ብለሽ ጠይቂያት። ያን ጊዜ የጎደለውን ትነግርሻለች።

ወደ ዋይ ክሩ ልመለስ። ያ ሕፃን ሰርዶውን ይዞ ፊትሽ ሲንበረከክ ለምን እንደሚያመሰግንሽ ልብ ብለሻል? ስላስተማርሽው ነው። የሌላ ክፍል ልጆች መምህር አጥተው እሱ ስላገኘ አይደለም። ዓይኑ አንቺ ላይ ነው። አንቺም ለፈጣሪሽ እንደዚያ አመስግኚ። አበባውን በደስታ ተቀበዪ። መምህርን ማክበር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዋሸራም ጎንጅም የቅኔ ተማሪ ለየኔታው ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። በሥነ ሥርዓቱ ውስጥ ለምስል የሚሰገድበት ወይም ዕጣን የሚጤስበት ክፍል ካለ ግን እዚያ ላይ አትሳተፊ። በትሕትና ገለል በይ። በዚህ ማመቻመች የለም፤ ዝርዝሩን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ።

ስለ ወገንሽ ያለሽን ሐዘን ደግሞ አላስተውሽም። ነህምያ በሱሳ ግንብ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር፤ ምንም አልጎደለበትም። አናኒ ከይሁዳ መጥቶ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲነግረው ተቀምጦ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ግን ጽዋውን ጥሎ አልሄደም። በዚያው ሥራው ላይ ሆኖ ንጉሡን ለመነ፤ ለቅጥሩ ሥራ እንጨት የሚያሰጥ ደብዳቤ ይዞ ነው የወጣው። እግዚአብሔር እዚያ ያስቀመጠው ለካ ለዚህም ኖሯል። አንቺም ቆመሽ ከምታስተምሪበት ቦታ ሆነሽ ልታለቅሺም ልትረጂም ትችያለሽ።

ዛሬ ማታ ስትጽፊ «ደመወዝ ገባ» ብለሽ አትለፊው። በማን በኩል እንደመጣልሽም ጨምሪ። ዛሬ የምትበዪበትን እንግሊዝኛ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብሎ ያስቆጠረሽ አንድ መምህር አገር ቤት አለ። ስሙን ጻፊ። በሕይወት ካለ ፈልገሽ ደውዪለት፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በዪው። እንዴት እየኖረ እንደሆነም ጠይቂው። በሰፈሩ ደብተርና እስክሪብቶ ያጡ ልጆችን እሱ በስም ያውቃቸዋል፤ የምትችዪውን በእሱ እጅ ላኪ። ኔትወርክ እምቢ ካለሽ በሳምንቱ ደግመሽ ሞክሪ። የላክሽውን ግን ደብተሩ ላይ አትጻፊው።