የጋዝ መሥመር ሥራ ለጀማሪ መሐንዲስ

ጥያቄ፦ ከአምስት ኪሎ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ፣ እንግሊዝ አገር በሚገኝ የጋዝ ማከፋፈያ ድርጅት በተመራቂ ሠልጣኝነት ተቀባይነት አግኝቻለሁ። ፒያሳ ተወልዶ ላደገና ከቡታጋዝ ሲሊንደር ሌላ ለማያውቅ ሰው ሥራው ምን ይመስላል?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። ሠልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ክፍል ብቻ አይቀመጥም፤ ከንድፍ ወደ ጥገና፣ ከዚያም ወደ ድንገተኛ አደጋ ቡድን እየተዘዋወረ ይማራል። ከሁሉም በላይ ግን የመስክ ሥራውን ቢሻሙ እመክራለሁ፤ በዚያ አገር ያረጁ የብረት ቧንቧዎች ፖሊኢትሊን በተባለ ፕላስቲክ እየተተኩ ስለሆነ፣ የሁለት ቧንቧዎች ጫፍ በሙቀት ለስልሶ ሲጋጠም፣ ተገፍቶ የወጣው ጠርዝ ዙሪያውን ወጥ መሆኑን ልምድ ያለው ቴክኒሻን ሲመረምር አጠገቡ ቆሞ ማየትን የሚተካ ንድፍ የለም። እዚህ የለመዱት የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ በመሥመር የሚሄደው ጋዝ በአብዛኛው ሜቴን በመሆኑ ግን ወደ ላይ ይወጣል፣ በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስም እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። በተፈጥሮው ሽታ ስለሌለው የሚሸት ኬሚካል ይጨመርበታል። ብዙዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ደመወዝን ነው (አይፈረድባቸውም)፤ እኔ ግን ውሉን ከመፈረምዎ በፊት፣ ለቻርተርድ መሐንዲስነት (በዚያ አገር ብቃታቸው ለተረጋገጠ መሐንዲሶች ለሚሰጠው የሙያ ማዕረግ) የሚያዘጋጅዎ አማካሪ ይመደብልዎ እንደሆነ በጽሑፍ ቢጠይቁ ይሻላል እላለሁ።