ባክቴሪያ ፀሐይ ሲመታው ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ እናቴ የወተቱን ቅል አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። «ፀሐይ ይገድለዋል» ትላለች። ባክቴሪያው ዝም ብሎ ይሞታል እንዴ? (ከቡሬ፣ ጎጃም)

መልስ፦ እናትህ ልክ ናቸው። ግን ዝም ብሎስ አይሞትም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር (ዓይን የማያየው ጨረር) ዲኤንኤውን፣ ማለትም የዘር መረጃውን የያዘውን ክር፣ ሲያጣብቀው ሬክኤ የሚባል ፕሮቲን የተጋለጠው ክር ላይ ይጠመጠማል፣ ያኔ የጥገና ጂኖችን ቆልፎ የያዘው ሌክስኤ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ራሱን ይቆርጣል፤ ኢ. ኮላይ በሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ 40 ያህል ጂኖች ይነቃሉ። የዚህ የጥገና ምላሽ ስሙም «ኤስኦኤስ» ነው፣ ኡኡታ በለው። እኔን የሚገርመኝ ፎቶሊያዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው፦ የተጣበቀውን የሚያላቅቀው በዚያችው ፀሐይ ሰማያዊ ብርሃን ነው! አንዳንዶቹ ደግሞ ቢጫ ቀለም አምርተው ይከላከላሉ። ቅሉ ሆድ ውስጥ ግን ጨረሩ እምብዛም አይደርስም፣ እዚያ የሚጠቅመው መድረቁ ነው። የወይራውን ጭስ አትተዉት።