ስለ ከሰል ባቡርና ስለ አቀበት ጠይቁኝ

ባቡር ሜካኒክ ነበርኩ፣ አሁን ጅማ ነኝ። ከሰል የጫኑ መኪኖች ከደልቢና ከሞዬ ሲወጡ የሚያዩ የሰፈር ልጆች ጥያቄ አብዝተውብኛል። እዚሁ ልመልስ።

ጋሼ፣ አንድ ሎኮሞቲቭ ስንት ይጎትታል?

ሎኮሞቲቭ ማለት ባቡሩን የሚጎትተው ሞተር ያለው ራስ ነው፤ ስንት እንደሚጎትት እንደ አቀበቱ ነው። ብረት በብረት ላይ ስለሚንከባለል ሜዳው ላይ ቀላል ነው፤ አቀበት ላይ ግን ያው ልስላሴ ጠላት ሆኖ እግሩን ያንሸራትተዋል። 100 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ ደረቅ ሐዲድ ላይ ሳይንሸራተት የሚስብበት ጉልበት 30 ቶን ያህል ቢሆን ነው። በየ33 ሜትሩ አንድ ሜትር በሚወጣ መስመር ደግሞ እያንዳንዱ ቶን በ30 ኪሎ ወደ ኋላ ይስበዋል። አስሉት፣ ራሱን ጨምሮ ከ1,000 ቶን አያልፍም። ኒውዚላንድ ውስጥ ኦቲራ ላይ አቀበቱ ልክ እንዲህ ነው፣ ለከሰል ባቡር እስከ አምስት የዲዝል ሎኮሞቲቭ የሚቀጥሉትም ለዚህ ነው። ሐዲዱ ሲረጥብ ከእግሩ ፊት አሸዋ ይረጫል።

ዋሻ ውስጥ ጭሱስ?

የኦቲራ ዋሻ 8.5 ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ሲከፈት በኤሌክትሪክ ነበር፣ ከ1997 ወዲህ ዲዝል ገባ። ባቡሩ ከታች ሲገባ ከኋላው በር ይዘጋል፣ ትልቅ ማራገቢያ ጭሱን ይስባል።

ሁሉንም ከፊት ለምን አይቀጥሉም?

መቀጠያው ብረት ይበጠሳል። ቻይና በዳቺን መስመር 20,000 ቶን የሚመዝን የከሰል ባቡር አላት፤ ሎኮሞቲቮቹ ከፊትም ከመሀልም ገብተው በሬዲዮ አብረው ይታዘዛሉ።

ወንድሜ፣ እኔ የጊቤን ቁልቁለት በተሳቢ እወርዳለሁ። ባቡሩስ ፍሬን እንዴት ይይዛል?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው! መውጣት ቢያቅተው ይቆማል፣ መውረድ ሲያቅተው ግን ሰው ይሞታል። አንተ በማርሽ እንደምትይዘው ባቡሩም በሞተሮቹ ይያዛል፤ ሞተሮቹ ወደ ጄኔሬተርነት ይዞሩና ጉልበቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል። ዲዝሉ ያንን በሙቀት መልክ ያወጣዋል፣ የኤሌክትሪኩ ወደ ሽቦው ሊመልሰው ይችላል። የአየር ፍሬኑን ደጋግመህ ከያዝክና ከለቀቅክ አየሩ ሳይሞላ ያልቅብሃል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለህም። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው።

ጅማ ባቡር ቢገባስ?

ጅማ በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ነበረች። ከገባ እንደ ጅቡቲው መስመር ኤሌክትሪክ ይሁን እላለሁ፤ ከሰል ጭኖ ወደ ጊቤ የሚወርደው ባቡር ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣው ኃይል ያግዛል።