ዳስ ወይስ አዳራሽ? (የደብረ ማርቆሱ የጥር ሰርግ)

በጥር ደብረ ማርቆስ ላይ የምትደግሺው ሰርግ «የራሳችን ሰርግ» እንዲሆን ፈልገሽ ዳስ ይሻላል ወይስ አዳራሽ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ዳሱን አትተዪው። እናትሽ ግቢ ውስጥ ዳስ ይጣል ካሉ፣ አንቺ ደግሞ ለፎቶ የሚያምር አዳራሽ ካማረሽ፣ እኔ ብሆን የአዳራሹን ኪራይ ዳሱን ለማሳመር ነበር የማውለው።

የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹን በነጭ አቡጀዲ አስጠቅልያቸው፣ ከላይ ቢጫ አምፖል ይዘርጋ፣ መሬቱ ላይ ቄጠማ። በቃ። የፕላስቲክ አበባ ባይገባ ደስ ይለኛል።

ከዚያ አንድ የጥበብ ቀለም ምረጪና በጥሪ ካርዱም፣ በሚዜዎችሽ ቀሚስም፣ በሙሽራው ሸማ ጠርዝም ድገሚው።

ዲጄው ማታ ይድረስ፤ ለሙሽራ መግቢያ ግን ማሲንቆ ያዢ። አዝማሪውን ከሳምንት በፊት አግኝተሽ የት እንደተዋወቃችሁ፣ ማን ማንን እንዳስለመነ፣ ሽማግሌ ሲላክ ምን እንደተባለ ሁሉ አጫውቺው። እንግዳው ፊት ያንን በግጥም ሲያወጣው፣ «የራሳችን ሰርግ» ያልሽው እሱ ነው። (የአክስቶችሽንም ስም ንገሪው፤ ሽልማቱ ይበረክትለታል።)

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ጥበቡን ለሸማኔ በአንድ ዙር እዘዢ። እኔ የሚዜዎቼን ቀሚስ በሁለት ዙር አሠራሁ፤ ክሩ ከሌላ እሽግ ስለነበር ሁለቱ ሚዜዎች ለየት ያለ አረንጓዴ ለብሰው ቆሙ፣ ፎቶው ላይ እስከ ዛሬ ያስቁብኛል። ደግሞ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባለው ጊዜ አገሩ ሁሉ ስለሚድር ሸማኔም ድንኳንም ይጠፋል። ከጥቅምት ጀምሪ፣ ቀብድም ስትከፍዪ ደረሰኝ ተቀበዪ።