ከሲቲ ፖፕ በፊት ኤንካ ስሚ

ጥያቄሽ ሁለት ነው። «ዩቲዩብ የድሮ የጃፓን ሴት ዘፋኞችን እያመጣልኝ ወደድኳቸው፤ ግን ከየት ልጀምር?» አልሽ። ቀጥለሽ ደግሞ «አንዳንዱ ለምንድነው የኛን ትዝታ የሚመስለኝ?» አልሽ። እኔ ጃፓን ለትምህርት ሄጄ ጥቂት ዓመት በሰሜኑ በኩል ኖሬያለሁ። ኪቦርድም እነካካለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ አትቀየሚኝ።

ከሁለተኛው ልነሳ፤ የአንደኛው መልስም እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

የሚመስልሽ ስለሚመስል ነው። ኪቦርድ ካገኘሽ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋን ብቻ ተጫዪ፤ ሌላ ቁልፍ አትንኪ። ከላ ተነስተሽ ላ ላይ ካረፍሽ ትዝታ ማይነር ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዘሽ ከሚ ተነስተሽ ሚ ላይ ብታርፊ ደግሞ አምባሰል ይሆንልሻል። አሁን «ሳኩራ ሳኩራ» የሚባለውን የጃፓኖች የሕዝብ ዜማ ክፈቺ። ስለ ቼሪ አበባ ነው፤ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። እነዚያው አምስት ድምፆች ናቸው። ማረፊያውም ሚ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከ1868 በኋላ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጃፓን ፊቷን ወደ ምዕራቡ ስታዞር የምዕራቡ ሙዚቃም ትምህርት ቤት ገባ። ሰባቱን ድምፅ ግን እንዳለ አልተጠቀሙበትም። አራተኛውንና ሰባተኛውን እየዘለሉ በቀሩት አምስት ዜማ መሥራት ለመዱ። ከሜጀሩ ሲዘለሉ የኛ ትዝታ ሜጀር፣ ከማይነሩ ሲዘለሉ የኛ ትዝታ ማይነር ይወጣል። ኤንካ የሚባለው የዘፈን ዓይነት በአብዛኛው የቆመው በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው። እነሱ በሌላ መንገድ መጡ፣ እኛ በሌላ፤ የተገናኘነው ግን አንድ ቦታ ነው።

እኔ ይሄን ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም። እዚያ ስናክ የሚሏቸው ትንንሽ መጠጥ ቤቶች አሉ። አንድ ባንኮኒ፣ ጥቂት ወንበር፣ አንድ የካራኦኬ ማሽን። ባለቤቷን ሁሉም «ማማ» ነው የሚሏት። ሸምገል ያሉት ደንበኞች ተራ በተራ ማይክ እየተቀባበሉ ኤንካ ይዘፍናሉ። ያኔ ጃፓንኛዬ ገና ኮልታፋ ነበር፤ ቃሉ አይገባኝም። ዜማው ግን ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ወዴት እንደሚያመራ እገምተው ነበር። አብሮኝ የነበረው ጀርመናዊ ጓደኛዬ «ይሄ ሁሉ አንድ ዘፈን ነው እንዴ?» እያለ ሲሰላች እኔ ከንፈሬን እየመጠጥኩ እሰማለሁ።

ስለዚህ አልጎሪዝሙ ሲቲ ፖፕ ከሚባለው የ1970ዎቹ መጨረሻና የ80ዎቹ የጃፓን ፖፕ ቢያስጀምርሽም አንቺ ከኤንካ ጀምሪ። ጆሮሽ ግማሹን መንገድ ሄዶታል።

የመጀመሪያዋ ሚሶራ ሂባሪ ናት። በ1937 ዮኮሃማ ተወለደች፤ በጦርነቱ ማግሥት ገና በልጅነቷ መድረክ ላይ ወጣች። የ1966ቱን «ካናሺይ ሳኬ»ን ፈልጊ፤ ዜማው የኮጋ ማሳኦ ነው። ብቻዋን ስለምትጠጣ ሴት ነው። ይሄን በድምፅ ብቻ እንዳትሰሚው፣ ቪዲዮውን እዪ። ዘፈኑን በጣም አዝግማ ነው የምትይዘው። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ድምፅዋ ቅንጣት አይዛነፍም። ስንት ጊዜ አይቼው እንዴት እንደምታደርገው አልገባኝም። ከዚያ ወደ መጨረሻዋ ዝለዪ። «ካዋ ኖ ናጋሬ ኖ ዮ ኒ» በጥር 1989 ወጣ፤ እሷ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በ52 ዓመቷ አረፈች። ጃፓን ውስጥ ሰው ሲሸኝም፣ ካራኦኬ ሲያበቃም የሚነሳ ዘፈን ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ኢሺካዋ ሳዩሪ፣ «ትሱጋሩ ካይክዮ ፉዩ ገሺኪ»፣ 1977። ስትዘፍነው 20 ዓመት እንኳ አልሞላትም። ግጥሙ የአኩ ዩ፣ ዜማው የሚኪ ታካሺ ነው። አንዲት ሴት ከቶኪዮው ኡዌኖ ጣቢያ በሌሊት ባቡር ተነስታ ሰሜን ጫፍ አኦሞሪ ላይ ትወርዳለች። በረዶ ነው። ወደ ሰሜን የሚመለሰው ሰው አንድም አያወራም፣ የባሕሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ብቻዋን መርከብ ላይ ትወጣለች፤ በብርድ የደረቁ የባሕር ወፎችን እያየች ታለቅሳለች። ማን እንደጎዳት፣ ምን እንደተፈጠረ ብዙም አይነግርሽም። አኩ ዩ ሁለት ስንኝ ሳይሞላ ቶኪዮን ከኋላ ጥሎ አኦሞሪ ያደርስሻል። ግጥም ለሚወድ ሰው ይሄ ብቻውን ትምህርት ነው።

ያ መርከብ ዛሬ የለም። ከባሕሩ በታች ወደ 54 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር ዋሻ በመጋቢት 1988 ሲከፈት ከአኦሞሪ ባሕሩን ተሻግሮ ሃኮዳቴ የሚያደርሰው የመርከብ መስመር ተዘጋ። ከመርከቦቹ አንዱ ሃኮዳ ማሩ አኦሞሪ ወደብ ላይ ሙዚየም ሆኖ ቆሟል። አጠገቡ የዘፈኑ መታሰቢያ ድንጋይ አለ፤ ሰው ሲጠጋው ዘፈኑ በራሱ ይጀምራል፣ ያውም በከፍተኛ ድምፅ። ሳላውቅ ተጠግቼ ክው ብዬ ቀርቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ትዝታን ጠብቀሽ ከሄድሽ ቅር ይልሻል። የኛ ዘፋኝ ትዝታ ሲገባ እንደ ስሜቱ ያስረዝመዋል፣ ግጥም ይጨምራል፣ ይመለሳል። ኤንካ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነው፤ አብዛኛው ሦስት አንጓ፣ አራት ደቂቃ ገደማ፣ አለቀ። ከኋላ ቫዮሊን፣ ጊታርና ጥሩምባ በምዕራብ ኮርድ ይከተላሉ። የሚያገናኘን ቅላፄው ነው። አንዷን ፊደል ይዘው ድምፁን አዙረው አዙረው የሚጥሏት ነገር አለች፤ እነሱ ኮቡሺ ይሏታል። እዚያ ጋ ስትደርሺ «አይ!» ማለትሽ አይቀርም።

አይዶል ወደሚሏቸው ወጣት የፖፕ ኮከቦች ስንመጣ ፈጠን ልበል፤ ለኔ ከድምፃቸው ይልቅ ታሪካቸው ይበልጣል። ያማጉቺ ሞሞኤ ግን ከዚህ ውጭ ናት። በ1973 ጀመረች። በጥቅምት 1980 ቡዶካን አዳራሽ ውስጥ ነጩን ማይክሮፎኗን መድረኩ ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ አግብታ ወደ ዘፈን ሳትመለስ ቀረች። ያኔ 21 ዓመቷ ነበር። ዝቅ ያለ፣ ከዕድሜዋ የበሰለ ድምፅ አላት። «ኢይ ሂ ታቢዳቺ»ን (1978) ስሚላት። በዚያው ዓመት «ፕሌይባክ ፓርት 2» ላይ ቀይ ፖርሽ እየነዳች ትመጣለች። የጃፓን የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንኤችኬ ደግሞ የሸቀጥ ስም አያስጠራም፤ እዚያ ስትዘፍን «ቀይ መኪና» አስባሏት። ከሷ ቀጥሎ ማትሱዳ ሴይኮ ናት፤ 24 ነጠላ ዜማዎቿ በተከታታይ አንደኛ ወጥተዋል። ለኔ ትንሽ ስኳር ይበዛባታል። «አካይ ስዊት ፒ» (1982) ግን ይሰማል፤ ዜማውን በብዕር ስም የሠራችው ማትሱቶያ ዩሚ ናት፣ ራሷ ትልቅ ዘፋኝ። ናካሞሪ አኪና ደግሞ ለጨለም ያለ ስሜት። በ1985 እና በ1986 የጃፓን ሪከርድ ሽልማትን አከታትላ ወስዳለች።

አሁን ወደ ሲቲ ፖፕ፣ አንቺን ወዳስጀመረሽ። የታኬውቺ ማሪያ «ፕላስቲክ ላቭ» ከ1984 አልበሟ ነው፤ ዓለም ያወቀው ግን በ2017 አንድ ሰው ዩቲዩብ ላይ ከጫነው በኋላ ነው። የማትሱባራ ሚኪ «ማዮናካ ኖ ዶር» የበለጠ ያሳዝነኛል። በ1979 ስትጀምር 19 ዓመቷ ነበር፣ በ2004 በ44 ዓመቷ በካንሰር ሞተች፣ ዘፈኑ በ2020 በቲክቶክ ዓለምን አዳረሰ። ልጆች ለጃፓናዊት እናቶቻቸው ከፍተውላቸው፣ እናቶቹ ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው ሲዘፍኑት የሚያሳዩትን ቪዲዮዎች አይተሽ ይሆናል። ባሱ ግሩም ነው፣ አያከራክርም። መኪና ውስጥ ማታ የሚሰማ ነገር ነው። ግን እዚህ ሙዚቃ ውስጥ ዘፋኟ ከባንዱ ጋር ተካፍላ ነው የምትቀመጠው። ኤንካ ላይ ሁሉም ለሷ ቦታ ይለቅላታል። እኔ እዚያ ነኝ።

ታይዋናዊቷ ቴሬሳ ቴንግ ሁለቱን ስለምታስታርቅ አትለፊያት። በጃፓንኛ የዘፈነችው «ቶኪ ኖ ናጋሬ ኒ ሚ ኦ ማካሴ» (1986) ለስላሳ ነው፣ አፏ ላይ ያለው ቃል ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቋንቋውን ልማር ካልሽ ከሷ ጀምሪ።

ስትፈልጊ የዘፋኞቹን ስም በጃፓን ፊደል ገልብጠሽ ለጥፊው፤ በላቲን ፊደል ከሚወጣልሽ ብዙ እጥፍ ይመጣል። ዲሴምበር 31 ማታ ኤንኤችኬ የሚያሳየውን የኮሃኩ ውድድር ቅጂዎችም አስሺ። ከ1951 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሴቶቹ ቀይ፣ ወንዶቹ ነጭ ቡድን ናቸው። ኢሺካዋ ሳዩሪ እዚያ ለዓመታት «ትሱጋሩ»ንና የ1986ቱን «አማጊ ጎዬ»ን እያፈራረቀች ዘፍናለች። የ1977ቱን «ትሱጋሩ» እና ከቅርብ ዓመታት አንዱን አከታትለሽ ስሚና የቱን እንደመረጥሽ ጻፊልኝ። እኔ የልጅነቷን ነው የምመርጠው፤ ባለቤቴ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ የአሁኑን ነው ትላለች።