ስለ አኩፓንክቸር ባለሙያዎች ፈቃድና ቁጥጥር፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

በጤና ተቋማት ቁጥጥር ሥራ ረጅም ዘመን ያገለገሉት የባሕር ዳሩ አባላችን ለቀረቡላቸው ጥያቄዎች የሰጡት መልስ ነው።

ከሽምብጥ፦ እህቴ ኔቫዳ ውስጥ አኩፓንክቸር (ሰውነት ላይ ቀጫጭን መርፌ በመውጋት የሚሰጥ ሕክምና) ተምራ የአሜሪካውን ብሔራዊ የማረጋገጫ ፈተና አልፋለች። እዚህ ክፍል ተከራይታ መሥራት ትችላለች?

መልስ፦ ፈተና ማለፍና ፈቃድ መያዝ ለየቅል ናቸው። በአሜሪካ የሕክምና ሙያ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት እንጂ ፌዴራሉ መንግሥት አይደለም፤ ለአኩፓንክቸርም በ1973 እ.ኤ.አ. ቀድማ ሕግ ያወጣችው ኔቫዳ ናት። ብሔራዊውን ፈተና የሚሰጠው፣ በ1982 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የማረጋገጫ ኮሚሽን የመንግሥት አካል ስላልሆነ ሰውን ፈትኖ ምስክር ወረቀት ይሰጣል እንጂ ሥራ አያስጀምርም። ብዙዎቹ ስቴቶች ይህን ፈተና ለፈቃድ መመዘኛ አድርገው ሲቀበሉ፣ ካሊፎርኒያ ግን ለረጅም ጊዜ የራሷን ፈተና ስትሰጥ ኖራለች። እህትዎ የኔቫዳ ፈቃድ ቢኖራት እንኳ ወደ ካሊፎርኒያ ስትሻገር እንደገና ማመልከት አለባት፤ ባሕር ዳርማ እንዴት ተብሎ! እዚህ የእርሷ የሙያ ፈቃድ፣ የቤቱ የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ ሦስት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ንግድ ፈቃዱን ብቻ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «ፈቃድ አለኝ» የሚል ሰው አትመኑ። መርፌውም ፊታችሁ ከማሸጊያው ይውጣ።

ከአባይ ማዶ፦ የወገብ ሕመምን በእርግጥ ያድናል?

መልስ፦ ሐኪምዎን ይጠይቁ። እኔ የመጣሁት ስለ ፈቃድ ለመናገር ነው።

ከዘጌ፦ መርፌው ላይ ለምን ይህን ያህል ይጠነክራሉ?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የአኩፓንክቸርን መርፌ በሙከራ ላይ እንዳለ መሣሪያ ይቆጥረው ነበር። በዚያ ዓመት ከዚያ መደብ አውጥቶ፣ መርፌው ከጀርም የጸዳና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል እንዲሆን፣ የሚጠቀምበትም ስቴቱ ብቁ ያለው ሰው እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ ዕቃውን ፌዴራሉ ይቆጣጠራል፣ ሰውየውን ስቴቱ ይለያል፤ አንዱ ከላላ ሌላው ብቻውን አይቆምም። በድጋሚ ጥቅም ላይ የዋለ መርፌ ሄፓታይተስ ቢን ያስተላልፋል፤ ደረት ላይ ያለ ልክ የጠለቀ መርፌ ደግሞ ሳንባን ወግቶ አየር በማስገባት ሳንባው እንዲኮማተር ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪም ላልሆነ ባለሙያ 2,500 ሰዓት ሙሉ ሥልጠና፣ ሙያውን በተወሰነ ደረጃ ለሚጠቀም ሐኪም 200 ሰዓት ያህል መክሯል። የሁለት ሳምንት ኮርስ ጨርሶ የሚወጋ ሰው ከዚህ የት ይደርሳል?

ከዘጌ፦ እንዲህ ከሆነ ገበያ ዳር በቀንድና በምላጭ ዋግምት የሚያደርጉትን ለምን ማንም አይጠይቃቸውም?

ከሽምብጥ፦ ዋግምትን ከነካን ወጌሻውም ሊከለከል ነው። የአባቴን እግር ያቃናው ወጌሻ ነው።

ከዘጌ፦ እኔ ይከልከሉ አላልኩም። ምላጩ አዲስ ይሁን ነው ያልኩት።

መልስ፦ የወጌሻን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየው። ስለ ምላጩ የዘጌው ጠያቂ ትክክል ናቸው፤ የባህል ሕክምና መሆን ከንጽሕና ግዴታ ነፃ አያወጣም።

ከቀበሌ 16፦ ፈቃድ እንዴት ይወጣል?

መልስ፦ ለማን? ለባለሙያው ነው፣ ለክሊኒኩ ቤት ነው ወይስ ለንግዱ? ሦስቱ የተለያዩ ናቸው ብዬ አሁን አስረድቼ ነበር። ጥያቄውን ለይተው ያምጡት።

ከአባይ ማዶ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጡንቻ ላይ መርፌ ቢወጋስ? አኩፓንክቸር አይደለም ይላሉ።

መልስ፦ በአሜሪካም የሚያከራክር ነው፤ አንዳንድ ስቴቶች ለፊዚዮቴራፒስቱ ይፈቅዳሉ፣ ካሊፎርኒያ አትፈቅድም። የእኔን አስተያየት ከፈለጉ፣ ቆዳ ውስጥ እስከገባ ድረስ ስሙን ቢለውጡት አደጋው አይለወጥም።

ከቀበሌ 16፦ ከቻይና ዲፕሎማ ያመጣ ሰው ግን በቀጥታ መሥራት ይችላል?

መልስ፦ ለሽምብጡ ጠያቂ የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ።

ከሽምብጥ፦ አንድ ሰው ከተጎዳ ለማን ያመለክታል?

መልስ፦ አስቀድሞ ይታከም። ከዚያ የተወጋበትን ቀን፣ የቤቱን አድራሻና የተጎዳውን የሰውነት ክፍል በጽሑፍ አስፍሮ ለክልሉ የጤና ተቆጣጣሪ ያቅርብ። የመርፌው ማሸጊያ ካለ አይጣል፤ የምርት ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የሚገኙት እዚያ ላይ ነው። ማሸጊያ አልነበረውም ከተባለ፣ በማመልከቻው መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው እርሱ ነው።