ከእኔ ኮርጆ ያለፈው ልጅ ሲያትል ነው

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአንድ የ34 ዓመት ሰው ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ዶክተር፣ በ2007 በሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመረቅኩ። በዓመቱ አባቴን ስትሮክ መታውና ወደ ትውልድ ከተማዬ ተመለስኩ። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። እዚያው ውሃ ቢሮ ተቀጠርኩ። በ2010 ባለቤቴን ተዋወቅኳት፤ አሁን ሁለት ልጆች አሉን። በቅርቡ አንድ ልጅ የባቻችንን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። 52 ሆነናል። አንዱ ሲያትል ነው፤ ከእኔ እየኮረጀ ነው ያለፈው። አንዷ ጀርመን ፒኤችዲዋን ጨርሳለች። አንዱ አዲስ አበባ ኮንትራክተር ሆኗል። አንዱ ዱባይ ነው። አንዷ ካናዳ ሦስተኛ ልጇን ወልዳለች። እኔ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ዶርም ከእኔ በታች ያለው አልጋ ላይ ይተኛ የነበረው የልብ ጓደኛዬም አለ፤ እሱም ዝም ብሏል። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ፎቷቸውን ሳገላብጥ አመሻለሁ። አንዱ ትዳሩን ፈታ ሲባል ደስ አለኝ፤ ራሴን ጠላሁት። በቀደም ባለቤቴ ‹ምን ሆነሃል?› ስትለኝ ‹አንቺን ባላገባ ኖሮ እኔም እዚያ ነበርኩ› አልኳት። የልጃችንን ምሳ ዕቃ እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘጋችና ወጣች። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ከልጆቹ ጉዳይ ውጪ አታናግረኝም። ከግሩፑ ብወጣ ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ እስክሪብቶ ይዤ ዓመተ ምሕረቶቹን አሰመርኩባቸው። አባትህ የታመሙት በ2008 ነው። የተመለስከውም ያኔ ነው። ባለቤትህን ያወቅካት በ2010። እሷ ስታገኝህ አንተ ከተማህ ገብተህ፣ ደመወዝ እየበላህ፣ ሁለት ዓመት ሆኖሃል። ታዲያ ያስቀረችህ እሷ ናት እንዴ?

ይህን የምለው ላሳጣህ አይደለም። ዓመቶቹን ራስህ ጽፈህልኝ ራስህ ሳታያቸው መቅረትህ ነው የገረመኝ። እኛ ዘንድ የበኩር ልጅ ለታመመ አባቱ ሥራውን ትቶ ይመጣል። ይመረቃል፣ ይመሰገናል። «ግን እኮ እኔም የማልመው ነገር ነበረኝ፣ ተናድጃለሁ» ቢል ግን ማን ይሰማዋል? ነውር ነው። ለራሱም አይለውም። ንዴቱ ግን አይጠፋም። ዓመታት ተቀምጦ፣ አንድ የሲያትል ፎቶ ሲቀሰቅሰው፣ ቅርብ ያለ ሰው ላይ ያርፋል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ማለት ይኸው ነው። ባለሙያ ነን የምንለው ረጅም ስም አወጣንለት እንጂ ተረቱ ቀድሞናል። አባትህን መውደድህና በቀረብህ ነገር ማዘንህ አይጣሉም። እንደ እኔ እንደ እኔ እስካሁን ያላለቀስክለት ነገር አለ፤ እሱ ነው ሌሊት የሚቀሰቅስህ።

ወደ ባቾችህ ልምጣ። የቢል ጌትስ ሀብት እንቅልፍ ነስቶህ አያውቅም አይደል? የሚነሳህ ከአንተ የኮረጀው ልጅ ነው። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደጻፈው፣ ሰው ራሱን የሚለካው «እኔን ይመስላል» ከሚለው ሰው ጋር ነው። ከባች በላይ የሚመስልህ ከየት ይመጣል? አንድ ካፌ ተሰልፋችሁ አንድ ዓይነት ሽሮ በልታችኋል። ለአንድ ፈተና ላይብረሪ አምሽታችኋል። ገዋኑን የለበሳችሁት በአንድ ቀን ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ስታይ «ያው ነበርን እኮ፣ ምን ነካኝ?» ትላለህ። ያው ግን አልነበራችሁም። የአንዱ አባት ጤነኛ ነበሩ። ለአንዱ ዲቪ ደርሶት ይሆናል፤ ዲቪ ደግሞ ዕጣ ነው፣ የትምህርት ውጤት አይጠይቅም። (ኩረጃውን ግን እስከ ዛሬ መያዝህ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ አስቆኛል።)

ደግሞ እንቁጠር። መሐንዲስ ነህ፣ ቁጥር አይከብድህም። 52 ናችሁ። የአምስቱን ወሬ ነገርከኝ። የፈታው ሲጨመር ስድስት። አንተን ስንቀንስ 45 ሰው ይቀራል። እነሱስ? ወይ አልጻፉም፣ ወይ ጽፈው አንተ አላየሃቸውም። በራሴ የደረሰውን ልንገርህ። አንድ ጊዜ በአዳራሽ ንግግር ሳደርግ የተነሳሁትን ፎቶ የእኛ ባች ግሩፕ ላይ ለቀቅኩ። «ወይ አንቺ፣ ተሳክቶልሻል!» ብለው ዘነቡብኝ። በዚያው ሳምንት አከራዬ ኪራይ ጨምራብኝ ቤት ፍለጋ ከደላላ ጋር ስዞር ነበር የሰነበትኩት። ከደላላው ጋር ፎቶ አልተነሳሁም።

ስለፈታው ሰው የተሰማህ ነገር አያስደነግጥህ። አማርኛችን ቅናትና ምቀኝነትን ለይቶ ያውቃል። ቀናተኛ «እኔም ባገኘሁ» ይላል። ምቀኛ «እሱም ባጣ» ይላል። አንተ ደስ ያለህ የሰውየው ቤት ስለፈረሰ አይመስለኝም፤ «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» ብለህ ተንፍሰህ ነው። በራስህ ማፈርህ ራሱ ይህን ይናገራል።

አሁን አንገብጋቢው ነገር ባለቤትህ ናት። ሦስት ሳምንት ዝም ያለች ሴት አኩርፋ ብቻ አይደለም። የተነገራት «ሕይወቴን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» ነው፤ ሁለት ልጅ ወልዳልህ። ሽማግሌ አትላክ። «ተናድጄ ነው፣ እርሺው» አትበል፤ ያ ይቅርታ ሳይሆን ሌላ ሥራ መስጠት ነው። ልጆቹ ሲተኙ ተቀመጥና ዓመቶቹን ንገራት። «የተመለስኩት በአባቴ ምክንያት ነው። ያኔ አንቺን አላውቅሽም ነበር። ያልኩሽ ውሸት ነው፣ አጥፍቻለሁ።» ከዚያ ዝም በል። ብታለቅስ አትቸኩል። ብትቆጣም አትከላከል። በዚያው ምሽት እንድትስቅልህ አትጠብቅ። የሆዷ እስኪወጣ ሌላ ቀን፣ ሌላም ቀን ሊወስድ ይችላል።

ማስተርስ መማር ወይም ወጥተህ መሥራት ከልብህ ከፈለግህ እሱን ሌላ ጊዜ አንሳ፣ ከእሷ ጋር። ከይቅርታው ጋር አታደባልቀው።

እንቅልፍህ ግን አሳስቦኛል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኩን ሳሎን ቻርጅ ላይ ሰክተህ ግባ። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ ምግብም ካስጠላህ፣ ከልጆችህ ጋር መጫወቱም ደስ ካላለህ፣ ነገሩ ከቅናት ያለፈ ሊሆን ይችላልና አቅራቢያህ ያለ ሆስፒታል ሄደህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አናግር።

ከግሩፑ አትውጣ። ድንገት የወጣ ሰው ይነገርበታል፣ አንተም ምን አሉ እያልክ ትብሰለሰላለህ። ድምፁን ለአንድ ወር ዝጋው። የሥራ ዜናም ጽፈህ አትወዳደር።

አንድ ሰው ደግሞ አለ። በታችኛው አልጋ ይተኛ የነበረው። እንደ አንተው ዝም ያለው። ቁጥሩ ግሩፑ ላይ ካልታየህ የሚያውቅ አይጠፋም፤ ጠይቅና ደውልለት። ምን እንደሚሠራ ቀድመህ አትጠይቀው። ዶርም ውስጥ ማን ያንኮራፋ እንደነበር አንሳበት።